ቁጥር የተሰጣት ነጥብ

በኮሪያ ፊደል ውስጥ ከአንዲት ነጥብ በቀር ሌላ መልክ የሌላት አናባቢ አለች። እግር የላትም፣ ክንድ የላትም፣ ቀለበት የላትም። ኮሪያውያን «አሬ-አ» ይሏታል፤ የታችኛዋ «አ» እንደ ማለት ነው። ለዛሬው የሴኡል ነዋሪ ይህች ፊደል የታሪክ ትምህርት ናት፤ ልጆች በስም ያውቋታል እንጂ ደብተራቸው ላይ አይጽፏትም። ኮምፒውተሩ ግን አልረሳትም። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ 4510 የሚል ቁጥር ሰጥቷታል። ያው መዝገብ 12685 የሚል ሌላ ቁጥርም ሰጥቷታል። እርሷን የምትመስል፣ በዓይን ለመለየት የምታስቸግር ሌላ ነጥብ ደግሞ በ183 ተመዝግባለች። አንድ መልክ፣ ሦስት ቁጥር። ይህ የመዝጋቢዎቹ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ታርሞ ባለፈ ነበር። ስሕተት ስላልሆነ ነው ሐተታ የሚያሻው፤ ከበስተጀርባው ሲጠየቅ የሚቀልል፣ ሲመለስ ግን የሚከብድ ጥያቄ ተቀምጧልና። ፊደል ምንድን ነው? መልኩ ነው? ድምፁ ነው? ወይስ የሚሠራው ሥራ?

ንጉሥ ሴጆንግ 28 ፊደላት ያሉትን ጽሕፈት የፈጠረው በ1443 ነው፤ ለሕዝቡ ያወጀው በ1446። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከዚያ ድረስ በኮሪያ መጻፍ ማለት በአመዛኙ በቻይና ምልክቶች መጻፍ ማለት ነበር። እነዚያን ለመማር ጊዜውም ሀብቱም የሌለው ሰው የልቡን በገዛ ቋንቋው ማስፈር አይችልም ነበር፤ ንጉሡም ፊደሉን ለመሥራት ያነሣሣው ይኸው እንደሆነ በዐዋጁ ተናግሯል። ቼ ማልሊን የመሰሉ የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት በ1444 ተቃውሞ አቀረቡ፤ የራስን ፊደል ማውጣት ከሠለጠነው ዓለም መነጠል መሰላቸው። ንጉሡ አልተመለሰም።

ፊደሉ በምን ሐሳብ እንደተሠራ የሚያብራራው መጽሐፍ ለዘመናት ጠፍቶ ቆይቶ በ1940 በአንዶንግ አካባቢ ተገኘ። ሊቃውንት ስለ ፊደላቱ ቅርጽ ሲገምቱ የኖሩትን ነገር መጽሐፉ ራሱ መለሰላቸው። ተነባቢዎቹ ምላስ፣ ከንፈር፣ ጥርስና ጉሮሮ ድምፅ ሲያወጡ የሚይዙትን ቅርጽ የተከተሉ ናቸው። አናባቢዎቹ ግን አሠራራቸው ሌላ ነው፤ መሠረቶቹ ሦስት ናቸው። ክቧ ነጥብ ሰማይ ናት፣ አግድሙ መስመር ምድር፣ ቁሙ መስመር ሰው። ሌሎቹ አናባቢዎች በሙሉ ከእነዚህ ሦስቱ መገናኘት ይወለዳሉ። ነጥቧ ከቁሙ መስመር በስተቀኝ ስትቀመጥ «አ» ትሆናለች፤ ከአግድሙ በላይ ስትወጣ «ኦ»፣ ከበታቹ ስትወርድ «ኡ»። በመጀመሪያው ሕትመት ላይ እነዚህ ነጥቦች ክብ ሆነው ይታያሉ። ኋላ የጸሐፊዎች ብሩሽ እየጎተተ አጭር ጭረት አደረጋቸው። ስለዚህ ዛሬ ከኮሪያ አናባቢዎች ጎን የምትታየው እያንዳንዷ ጭረት ያቺው ነጥብ ናት። ነጥቧ ብቻዋን ስትቆም ደግሞ የራሷ ድምፅ ነበራት፤ መጽሐፉ ምላስ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ከጥልቅ የሚወጣ ድምፅ አድርጎ ይገልጸዋል።

ያ ድምፅ በዋናው ምድር ቀስ በቀስ ከሰመ። መጀመሪያ ከቃላት መካከልና መጨረሻ፣ ኋላም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከቃላት መጀመሪያ ጠፍቶ አብዛኛው ከ«አ» ጋር ተቀላቀለ። በ1933 የኮሪያ ቋንቋ ማኅበር ያወጣው የአጻጻፍ ሕግ ፊደሏን ተዋት። ድምፁ ከሌለ ምልክቱ ለምን? መልሱ ግልጽ ይመስል ነበር፤ ከባሕሩ ማዶ የጄጁ ደሴት ባይኖር ኖሮ።

በጄጁ ያ ድምፅ አልሞተም። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያወጡታል፤ በ«አ» እና በ«ኦ» መካከል የሚውል፣ ወደ «ኦ» የሚያዘነብል ድምፅ ነው። ልዩነቱ የሚዳሰስ ነው። በሴኡል አጻጻፍ ፈረስም ንግግርም «ማል» ናቸው፤ በፊደል አይለዩም። በጄጁ ግን ንግግር «ማል» ሲሆን ፈረስ በነጥቧ ይጻፋል፣ ወደ «ሞል» የቀረበ ድምፅም አለው። በፈረሶቿ የታወቀች ደሴት ናት፤ ፈረስን ከወሬ የሚለየውን ፊደል ሰዎቿ ቢፈልጉ ምን ይገርማል? ዩኔስኮ በ2010 የጄጁን አነጋገር በጽኑ ለመጥፋት የተቃረበ ቋንቋ ብሎ መዝግቦታል።

እንግዲህ ይህችን ነጥብ ማሽን ውስጥ ለማስገባት ሲፈለግ ምን ሆነ? ታሪኩ የሚጀምረው ከእርሷ አይደለም፤ የኮሪያን ፊደል በጠቅላላ እንዴት እንቁጠረው ከሚለው ክርክር ነው። ኮሪያውያን ፊደላቱን እንደ ላቲን በመስመር አይደረድሯቸውም። ተነባቢና አናባቢውን፣ ሲኖርም የመጨረሻውን ተነባቢ፣ አንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ደርበው አንድ ክፍለ ቃል ያደርጓቸዋል። ታዲያ ቁጥር የሚሰጠው ለማን ነው? ለክፍሎቹ ወይስ ለተጠናቀቀው ክፍለ ቃል?

ሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። አንደኛው ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል 16 ቢት መድቦ አምስቱን ለመጀመሪያው ተነባቢ፣ አምስቱን ለአናባቢው፣ አምስቱን ለመጨረሻው ይሰጣል፤ የምትተርፈው አንዲት ቢት ምልክት ናት። ይህ የሴጆንግ ሐሳብ በኤሌክትሪክ ቋንቋ ሲነገር ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በ1987 የወጣው ብሔራዊ መለኪያ ግን ሌላውን መንገድ መረጠ። 94 በ94 የሆነ ሰንጠረዥ ዘርግቶ ከ8,836 ቦታዎቹ 4,888ቱን ለቻይና ምልክቶች፣ 2,350ውን ደግሞ ለተጠናቀቁ የኮሪያ ክፍለ ቃላት አደለ። በዘመናዊው አጻጻፍ 19 የመጀመሪያ ተነባቢዎች፣ 21 አናባቢዎችና 28 የመጨረሻ አማራጮች (ባዶውን ጨምሮ) አሉ፤ ሲባዙ 11,172 ክፍለ ቃል ይሆናሉ። ስለዚህ 8,822ቱ ደጅ ቀሩ። ሚዛኑ በጽሑፍ ውስጥ መዘውተር ነበር፤ የተለመደው ገባ፣ ያልተለመደው ቀረ።

መለኪያውን ያወጡትን ሰዎች በክፋት አልጠረጥራቸውም። የዘመኑ ማሽን ጠባብ ነበር፤ ከሌሎች አገሮች ሥርዓት ጋር መግባባትም ነበረበት። ነገር ግን የሠሩት ሥራ የፍልስፍና ስሕተት ነበረበት ብዬ አምናለሁ። አንድ ጽሕፈት ምን እንደሆነ ለማወቅ እስካሁን የተጻፈበትን ቆጠሩ። ጽሕፈት ግን የተጻፈው ነገር ክምችት አይደለም፤ ለመጻፍ የሚያስችል ኃይል ነው። ገና ያልተወለደ ልጅ ስም፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ፣ ደራሲ ነገ የሚፈጥረው የወፍ ጩኸት፣ እነዚህ ሁሉ ፊደሉ ውስጥ ቦታ አላቸው፣ ማንም ገና ባይጠቀምባቸውም። ሴጆንግ የሰጠው ይህንን ነበር። የ1987ቱ ሰንጠረዥ ኃይሉን ወደ ዝርዝር ለወጠው። በ1990 «ቶምባንግ ጋክሃ» የተባለ ድራማ በቴሌቪዥን ሲታይ የርእሱ የመጀመሪያ ክፍለ ቃል በሰንጠረዡ ውስጥ አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠራውን፣ ልጅ በእርሳስ የሚጽፈውን ስም መለኪያውን የተከተለ ኮምፒውተር አይጽፈውም። ፊደሉ እያለ ቁጥሩ ስለሌለ ብቻ።

ስሕተቱ የታረመው በእንግልት ነው። ዩኒኮድ በ1991 ሲጀምር 2,350ውን ብቻ ይዞ ነበር፤ በ1993 ወደ 6,656 አሳደጋቸው። በ1996 ሁሉንም 11,172 ክፍለ ቃላት በፊደል ተራቸው አሰልፎ ወደ አዲስ ሰፈር አዛወራቸው። የቀድሞው ቦታቸው ተለቀቀ፤ በአሮጌው ቁጥር የተጻፈ ማናቸውም ጽሑፍ ትርጉሙን አጣ። ባለሙያዎች ይህንን «የኮሪያ ዝብርቅርቅ» ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ አንድ ቃል ኪዳን ጠብቋል፦ አንድ ፊደል ቁጥር ካገኘ በኋላ አይነሣም፣ አይዛወርም። ዛሬ በየትኛውም ቋንቋ የምንጽፈው ጽሑፍ ነገ እንዲነበብ የሚያደርገው ይህ ጽናት በከፊል የኮሪያ መከራ ፍሬ ነው።

አዲሱ ሰፈር ውበት አለው። እያንዳንዱ ክፍለ ቃል ቁጥሩን የሚያገኘው በስሌት ነው፦ የመጀመሪያው ተነባቢ ተራ በ21 ይባዛል፣ የአናባቢው ተራ ይደመራል፣ ውጤቱ በ28 ይባዛል፣ የመጨረሻው ተነባቢ ይጨመራል፣ በመጨረሻም 44032 ይታከልበታል። ተራው ከዜሮ ይጀምራል። «ማል»ን እንውሰድ፦ «ም» 6ኛ፣ «አ» ዜሮ፣ የመጨረሻው «ል» 8ኛ ነው። 6 በ21 ሲባዛ 126፤ በ28 ሲባዛ 3528፤ 8 ሲጨመር 3536፤ 44032 ሲታከል 47568። ወደ ኋላ ብታካፍሉት ደግሞ ሦስቱን ፊደላት ሳይጎድሉ ይመልስላችኋል። ድፍን የሚመስለው ቁጥር ውስጡ ክፍል ክፍል አለው። ዝርዝርና ኃይል የታረቁት እዚህ ላይ ነው።

ታረቁ ስል ግን ነጥቧ ትዝ ትለኛለች። ከ21ዱ አናባቢዎች መካከል የለችም። 11,172 የሚለው ድል የዘመናዊው የሴኡል አጻጻፍ ድል ነው፤ 47568 የሚናገረው በሴኡል ስላለው «ማል» ነው። የጄጁ ሰው ፈረሱን በራሱ አነጋገር ሊጽፍ ሲነሣ አንድ ቁጥር አያገኝም። ሦስት ቁጥር በተርታ ማስቀመጥ አለበት፦ 4358 ለመጀመሪያው «ም»፣ 4510 ለነጥቧ፣ 4527 ለመጨረሻው «ል»። ከዚያ ወዲያ ተስፋው በሚነበብበት ማሽን ላይ ነው። ፎንቱ የሚያውቅ ከሆነ ትንሽ ሳጥን ከላይ፣ ነጥብ ከመካከል፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘው «ል» ከሥር ይደራረቡና ቃሉ አንድ አካል ሆኖ ይቆማል። ካላወቀ ሳጥኑ ለብቻው፣ ነጥቧ ለብቻዋ፣ እባቡም ለብቻው ተበታትነው ይታያሉ። በፊደሎቹ ላይ የተጓደለ ነገር የለም፤ ሦስቱም አሉ። ቃሉ ግን የለም።

ፊደል ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ መበታተን ውስጥ ይታየኛል። 4510 የነጥቧን ሥራ ይቆጥራል፤ ከፊቷ ካለው ተነባቢ ጋር ተዋሕዳ ክፍለ ቃል የምትሠራዋን አናባቢ። 12685 ደግሞ መልኳን ይቆጥራል፤ ስለ ፊደሏ ስናወራ እንደ ስም ብቻዋን የምትቆመውን። 183 ፊደል እንኳ አይደለችም፤ ቃላትን የምትለይ ሥርዓተ ነጥብ ናት። ብዙ ኮሪያውያን ስም ሲዘረዝሩ በ183 ፈንታ 12685ን ስለሚያስገቡ ሰነዶቻቸው በአሬ-አ ተሞልተዋል፤ ማንም አያያትም፣ ማንም አያነባትም። ለዓይን ሦስቱ አንድ ናቸው፤ እንዲለያዩ ያስገደደው ሥራቸው ነው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አናባቢዋን ተነባቢ ሳይቀድማት በሥራዋ ቁጥር ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ከፊቷ 4447ን ያኖራል። ይህ ቁጥር ድምፅ የለውም፣ ቅርጽም የለውም፤ «እዚህ ተነባቢ ሊኖር ይገባ ነበር» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ባዶነት ቁጥር የሚያገኘው ሥርዓቱ ቦታውን ሲፈልገው ነው።

ፊደል በሥራው ይኖራል ካልን ነጥቧ ሞታለች የሚለውም ፍርድ ይናወጣል። በኮሪያ ስልኮች ላይ «ቾንጂኢን» የተባለ የመጻፊያ ዘዴ አለ፤ ሰማይ፣ ምድር፣ ሰው ማለት ነው። አናባቢ የሚጻፈው በሦስት ቁልፎች ብቻ ነው፤ ነጥቧ፣ አግድሙና ቁሙ መስመር። ቁሙን ነክተህ ነጥቧን ስትነካ «አ» ይወጣል፤ ነጥቧን አስቀድመህ አግድሙን ስታስከትል «ኦ»። ነጥቧ ማያው ላይ ለቅጽበት ብቅ ትላለች፤ ቀጣዩ ጭረት ሲመጣ ወደ ሌላ አናባቢ ገብታ ትሰወራለች። በ1933 ከጽሕፈት የወጣችውን ፊደል ሚሊዮኖች በአውራ ጣታቸው ሲጫኗት ይውላሉ። ሴጆንግ የሰጣት የመጀመሪያ ሥራ ተመልሶላታል።

ከዚህም ሌላ ኮሪያውያን ከ1989 ጀምሮ የጻፉበት ዝነኛው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ስሙ በዚህችው ፊደል ይጻፋል። አምራቹ ድርጅት በ1998 በገንዘብ ቀውስ ተይዞ ማይክሮሶፍት የሶፍትዌሩ ሥራ እንዲቆም በሚጠይቅ ውል ገንዘብ ሊያስገባ ሲል ሕዝቡ ተነሣና ሶፍትዌሩን አተረፈ። የተረፈው ነገር ስም በ11,172ቱ ክፍለ ቃላት ሊጻፍ አይችልም።

ያም ሆኖ ቁጥር ስለ ሕይወት ብዙ እንዲናገር መጠበቅ የለብንም። 4510 ስለ ድምፅ አንዳች አያውቅም። የመጨረሻው የጄጁ ተናጋሪ ቢያልፍም ቁጥሩ በቃል ኪዳኑ መሠረት አይነሣም፤ የሚጠራው ሰው ግን አይኖርም። በቀድሞው ዘመን የሴጆንግ ማብራሪያ መጽሐፍ ጠፍቶ ሳለ ፊደሉ በሰዎች እጅና አፍ ኖሯል። አሁን የምንፈራው የተገላቢጦሹን ነው፤ መዝገቡ ሙሉ ሆኖ አፉ ባዶ እንዳይሆን። በ2009 ዩኒኮድ 117 ተጨማሪ የጥንት ኮሪያ ፊደል ክፍሎችን ሲቀበል ለድሮ መጻሕፍት ሊቃውንት ታላቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት የጥንቱን ጽሑፍ የሚተይብ ሰው ድርጅቶች በግላቸው በመደቧቸው ቁጥሮች ሲጠቀም ኖሯል፤ ያ ፎንት የሌለበት ማሽን ላይ ገጹ አይነበብም። በግእዝ ፊደል የተየበ ትውልድ ይህንን ያውቀዋል። ከዩኒኮድ በፊት የየሶፍትዌሩ ቁጥር የየራሱ ስለነበር በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ዝርግፍ ይሆን ነበር።

ግእዝን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በዩኒኮድ መዝገብ የኮሪያ ፊደል ክፍሎች ሰፈር ከ4352 ተነሥቶ በ4607 ያበቃል። ቀጣዩ ቁጥር 4608 ነው፤ «ሀ»። ጎረቤታሞች ነን፤ ጎረቤታሞቹ ግን የተቆጠሩት በተለያየ ፍልስፍና ነው። የእኛ ፊደል በ1999 ወደ መዝገቡ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ ድፍን ሆኖ ነው የተቆጠረው፦ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610። ተነባቢና አናባቢን አዋሕዶ አዲስ ሆሄ የሚያስገኝ ስሌት የለውም። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ጉዳት አላመጣም፤ ሆሄያቱ የታወቁ ናቸውና። የጠበበው ለሌሎቹ ነበር። የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የብሊንና የሜኤን ሆሄያት እስከ 2005፣ የጋሞ፣ የጎፋ፣ የዳውሮ፣ የባስኬቶና የጉሙዝ እስከ 2010 ጠበቁ። ለጉራጌኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ሌሎች ሆሄያት የገቡት በ2021 ነው። እያንዳንዱ አዲስ ሆሄ በማመልከቻ ደጅ ጠንቶ ነው ቁጥር ያገኘው። ድፍኑን የሚቆጥር መዝገብ ሁልጊዜ የሚያስቀድመው ብዙ የተጻፈበትን ቋንቋ ነው፤ የ1987ቱ የኮሪያ ሰንጠረዥ በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን።

እኛም የራሳችን አሬ-አ አለን። «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ናቸው፤ በአማርኛ አንደበት ሦስቱ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ይቀነሱ የሚለው ክርክርም አላረጀም። ነገር ግን «ሐ» በትግርኛ ዛሬም ከ«ሀ» የተለየ ሕያው ድምፅ ነው፤ የጄጁ ነጥብ በሴኡል ስለማትሰማ ሞታለች እንደማይባለው ሁሉ እርሱም በአማርኛ ስለማይሰማ ሞቷል አይባልም። ኮሪያውያን በ1933 ያደረጉትን አልኮንንም፤ ለዋናው ምድር አጻጻፉን አቅልሎለታል። ዋጋውን የከፈለው ግን በስብሰባው ላይ ድምፁ ያልተሰማው ደሴት ነው።

ስለዚህ ለአማርኛ የፍለጋ፣ የፊደል ማረሚያና የትርጉም ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶች ልመናዬ ይህ ነው። ሰው «ሐይቅ» ብሎ ሲፈልግ «ሀይቅ»ንም አምጡለት፤ ማሽኑ በፍለጋ ጊዜ ሦስቱን እንደ አንድ ይቁጠራቸው። ጽሑፉን ስታስቀምጡ ግን የጸሐፊውን ሆሄ አትንኩ። ብዙዎቻችሁ ሥራ ለማቅለል ስትሉ «ሐ»ንና «ኀ»ን ገና በመግቢያው ወደ «ሀ» ትለውጧቸዋላችሁ። ዋናውን ቅጂ አስቀሩ፤ አንዴ የተጨፈለቀውን ሆሄ ከየትኛው እንደመጣ የሚመልስ ስሌት የለም።